«አቅምን መመጠን» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ያለበት ሰው «አቅምህን መጥን» ሲባል ዝም ብለህ ተኛ የተባለ ይመስለዋል፤ አይደለም፤ ልፋትህን ሰውነትህ ከሚችለው አታሳልፍ ማለት ነው። የሕመሙ ዋና ምልክት ከልፋት በኋላ የሚመጣ መባባስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይዘገያል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውሃ ጠፍቶ ቅዳሜ ማታ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ያወጣ ሰው፣ እሑድ ደህና ውሎ ሰኞ ከአልጋ መነሣት ሊያቅተው ይችላል። ያኔ ጀሪካኑን ማን ያስታውሰዋል፤ የሰኞ ቁርስ ይታማል እንጂ!

ስለዚህ ጀሪካኑን ሌላ ሰው ያውጣው፤ እሱ በየፎቁ ቁጭ እያለ ይውጣ፣ ከመድከሙ በፊትም ያቁም። ደህና በሆነበት ቀንም መጠኑን አይለፍ፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። «በየሳምንቱ እንቅስቃሴ ጨምር» የሚለውን የቆየ ምክር የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ትቶታል። ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ የእንቅልፍ መዛባቱና የሰውነት ሥቃዩ ግን ይታከማሉ። ሕመሙ ይህ ነው ከመባሉ በፊት ደም ማነስ፣ ታይሮይድና ስኳር ይመርመር።