የቤንዚን ተን መሰብሰቢያ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ መኪና ጥገና የሚያስተምር አንድ ሰው፣ «ጊቤን ስትወጣ መኪናህ ከታፈነች ከኮፈኑ ሥር ያለችውን ጥቁር ጣሳ ንቀላት፤ ቱቦዋንም ድፈነው። ተኑን የምታጠራቅመው እሷ ናት» ሲል ሰማሁት። ይህን ምክር የሰሙ ሰዎች መኪና መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጅማ፣ እኔ ጋራዥ ነውና ሰምቼ እንዳልሰማ መሆን አቃተኝ። በዚያች አጭር ምክር ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተጋብተዋል።

ጥቁሯ ጣሳ የቤንዚን ተን መሰብሰቢያ ናት። ሥራዋ መኪናው ሲቆም ከታንኩ የሚወጣውን ተን ይዞ ማቆየት ነው። መኪናን ዳገት ላይ የሚያቆመው ተን ግን ሌላ ነው። እሱ የሚፈጠረው ታንኩን ከካርቡራተሩ (በድሮ መኪኖች ቤንዚኑን ከአየር ጋር ከሚቀላቅለው ዕቃ) በሚያገናኘው ቱቦ ውስጥ፣ በተለይ ፓምፑ ጋ ሳይደርስ ባለው ክፍል፣ ቤንዚኑ ራሱ ሲፈላ ነው። ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ስለሆነ ተን ሲገባበት ባዶውን ይለፋል፤ ካርቡራተሩም ይደርቃል። የመጀመሪያው ተን የከተማው አየር ጠንቅ ነው፣ ሁለተኛው የሾፌሩ። ሆዱን ለታመመ ሰው ጥርሱን መንቀል ማለት ይህ ነው።

ቢጫ ጀሪካን አስቡ። ቤንዚን እስከ ግማሽ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጡት ሆዱ ይነፋል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎኑ ወደ ውስጥ ይገባል። ክዳኑን ሳትከፍቱ በቀጭን ቱቦ ብትስቡበት ደግሞ ትንሽ ይሰጣችሁና ይጨማደዳል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ብትስቡ ጠብ አይልላችሁም። አናቱን ብትበሱት ይህ ሁሉ ይቀራል፣ ቤቱ ግን በቤንዚን ሽታ ይታወዳል። በድሮ ጊዜ የመኪና ታንክ ሁሉ አናቱ የተበሳ ጀሪካን ነበር። በክዳኑ ወይም በአንዲት ቱቦ በቀጥታ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ኬሚስቱ አሪ ሃገን-ስሚት የሎስ አንጀለስ ጭጋግ የሚፈጠረው ከቤንዚን ተንና ከመኪና ጭስ ላይ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት መሆኑን በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ አሳየ። ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል ጀምሮ፣ መላው አሜሪካ ከ1971 ጀምሮ የታንክ ተን በነፃ እንዳይለቀቅ ደነገጉ። ፋብሪካዎቹም የጀሪካኑን ቀዳዳ እንዳለ ትተው ከሰል የሞላ ጣሳ ገጠሙበት። ጀሪካኑ ሲነፋ ተኑ በከሰሉ በኩል ያልፋል፤ ቤንዚኑ ከሰሉ ላይ ይቀራል፣ አየሩ ይወጣል። ሲጨማደድም አየር በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሞተሩ ሲነሣ ከጣሳው ሥር አየር እየሳበ የተያዘውን ቤንዚን ጠርጎ ያቃጥለዋል፤ ከሰሉም ለሚቀጥለው ማቆሚያ ዝግጁ ይሆናል።

ለዚህ ነው መንታ የሚመስሉ ሁለት ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር መኪኖች ኮፈናቸው ሲከፈት የሚለያዩት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ጣሳውም፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ፈሳሹን ከተኑ የሚለየው ዕቃም፣ ከሥር የሚሄደው ተጨማሪ ቱቦም አለው። ለአውሮፓ የተሠራው የዚያን ዘመን መኪና ይህ ሁሉ የለውም። «የኔ ለምን የለውም?» የሚል ካለ መልሱ የመጀመሪያ ገዢው አገር ነው።

ወደ መካሪያችን ልመለስ። ጣሳዋን ነቅሎ ቱቦዋን የደፈነ ሰው ክዳኑ የጠበቀ ጀሪካን ይዞ ነው ጊቤ የሚወርደው፤ የአሜሪካዎቹ የታንክ ክዳን ብዙውን ጊዜ የታሸገ ነውና። ፓምፑ በሳበ ቁጥር በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ፈሳሽ ደግሞ በላዩ ያለው ግፊት ባነሰ መጠን ቶሎ ይፈላል። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን አራት አምስተኛ ያህል ነው። ሞተሩ ላይ የተገጠመው ፓምፕ ከኋላ ካለው ታንክ ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ከዚያም ዝቅ ያደርገዋል። የተደፈነው ታንክ ሦስተኛ ቅናሽ ይጨምርበታል። ስለዚህ ያ ምክር ይከላከለዋል የተባለውን መፍላት ራሱ ይጠራዋል።

እግረ መንገዴን፣ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው የጊቤን ወንዝ ዳር ሙቀት ነው። እኔ የበለጠ የምፈራው ከወንዙ በኋላ ያለውን ዳገት ነው። መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፣ በራዲያተሩ አልፎ የሚመጣው አየር ትኩስ ነው፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል።

መኪናው ሲቆም የቱ ችግር እንደሆነ ለመለየት እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ከመጠምጠማችሁ በፊት የታንኩን ክዳን ክፈቱ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በአጠገባችሁ አይኑር። አየር እያፏጨ ወደ ውስጥ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ታንኩ ታፍኖ ነበር። ምንም ድምፅ ከሌለና የሚነሣው ፓምፑ ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ፈልቷል። ጨርቁን ካስቀደማችሁ ሁለቱንም ምልክት አጠፋችሁት። ሦስተኛም አለ፦ መንገድ ላይ ሰኮሩ ከተማ ቆማችሁ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱ ሞተሩ እምቢ ካለና ቤንዚን ከሸተተ፣ ካርቡራተሩ በተረፈው ሙቀት ፈልቶ ወደ ሞተሩ ፈሷል። ይህ የቤንዚን መብዛት እንጂ ማነስ አይደለም፤ መድኃኒቱም ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ማስነሣት ነው።

ግራ መጋባቱ ከጅማ ብቻ የመጣ አይደለም። የ1973ቱ ዳትሰን 240ዜድ የተን መሰብሰቢያ ሥርዓት ነበረው፤ በሙቀት በሚያስቸግሩ ካርቡራተሮቹም የታወቀ ነው። ሁለቱ በአንድ መኪና ላይ ስለተገኙ ወቀሳው ወደ ተን መሰብሰቢያው ቱቦዎች ሄደ። ብዙ ባለቤቶች ግን ችግራቸውን ያቃለሉት የቀደሙትን ዓመታት ካርቡራተር በመግጠም ነበር።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ደንበኛ አሉኝ። ቀዩ ስፓይደራቸው ሲመጣ ጣሳዋ በቦታዋ ነበረች፤ ይህንን አይቼ ደስ አለኝ። ስከፍታት ግን ውስጧ የተፈረካከሰ ከሰል፣ ሥሯ ደግሞ ጥቁር ዱቄት ነበር። «ልጄ፣ አርጅቶ ነበርና ከሂርማታ ገበያ ገዝቼ እኔው ነኝ የሞላሁት» አሉኝ ኮራ ብለው። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቡና የሚፈላበት ነው» አልኳቸው። የጣሳዋ ከሰል በከፍተኛ ሙቀትና በእንፋሎት ታክሞ፣ ውስጡ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ቤንዚን የሚይዘው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። የምድጃ ከሰል ይህ ችሎታ በጣም ያንሰዋል፤ ዱቄቱም በቱቦው ወደ ሞተሩ ይሳባል። ከታንኩ ወደ ጣሳዋ የሚሄደው ደግሞ ግንበኞች ውኃ ልክ የሚያዩበት ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ሆኖ አገኘሁት። ቢጫ ሆኖ ደርቋል፣ ፋሼታው (የቱቦ ማጥበቂያው) የያዘው ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። መኪናው ውስጥ ይሸታል ያሉት ከዚያ ነበር።

ቱቦ ካነሣን አይቀር፣ ለውኃ የተሠራ ቱቦ ቤንዚን አይችልም፤ የድሮ ጎማም ኤታኖል የተቀላቀለበትን ቤንዚን ሲያገኝ ከውስጥ እየላላ ፍርፋሪው ካርቡራተሩን ይዘጋል። ላዩ ጥሩ ስለመሰለ አትመኑት፤ ለነዳጅ ተብሎ የተሠራውን ግዙ። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ሰልፍ ይዞ የደረሰው ሁሉ ታንኩን እስከ አፉ ማስሞላት ይወዳል። ጣሳ ላለው መኪና ይህ ክፉ ልማድ ነው፤ ለተን ማስፋፊያ የተተወው ባዶ ቦታ ይሞላና ፈሳሽ ቤንዚን ወደ ከሰሉ ይሄዳል። አንዴ በፈሳሽ የራሰ ከሰል ሥራውን በቅጡ አይሠራም፤ ሞተሩም በማይፈልገው ሰዓት ወፍራም ድብልቅ ይጠጣል።

መፍላቱን የምር ለመከላከል የፈለገ ሰው ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ያርቅ፤ ወደ ታንክ የሚመልሰው መስመር ካለው ክፍት መሆኑን ያረጋግጥ፤ ቤንዚኑ እየዞረ ሲመለስ ይቀዘቅዛልና። ከዚህ ያለፈው ታንኩ አጠገብ ኤሌክትሪክ ፓምፕ መግጠም ነው። ከኋላ የሚገፋ ፓምፕ በቱቦው ውስጥ ግፊት ስለሚያሳድር ቤንዚኑ በቀላሉ አይፈላም። ግን ለካርቡራተር የሚሆነውን ምረጡ፤ ከ0.3 ባር በላይ የሚገፋ ከሆነ በካርቡራተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ መዝጋት ያቅተውና ቤንዚኑ ሞልቶ ሞተሩ ላይ ይፈሳል። የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያጠፋ ማብሪያም አስገጥሙ። አለበለዚያ መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋም ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ፓምፑ በተቆረጠው ቱቦ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል።