የአየር ላይ ተኩስ ልምምድ በደሴና በኮምቦልቻ የጌም አብራሪዎች ዘንድ

በጦር አውሮፕላን ጌም ማብረርና መተኮስ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። አውሮፕላኑን አስነስቶ፣ ገልብጦ፣ መልሶ ማሳረፍ የሚችል ተጫዋች ፊት ለፊቱ ያለውን ጠላት ጥይቱን ሁሉ አፍስሶበት ሳይነካው ሊቀር ይችላል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ሁለተኛውን ሙያ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ዒላማን ከሚንቀሳቀስ መሣሪያ ላይ ሆኖ የመምታት ልምምድ። በደሴና በኮምቦልቻ ይህን የያዙት ወጣቶች ብዙ አይደሉም። የጌም ቤቶቹ ወንበር በአብዛኛው የእግር ኳስ ነው፤ አውሮፕላን የሚያበረው ልጅ በቤቱ ዴስክቶፕ ወይም በተማሪ ላፕቶፕ ይሠራል። ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይተላለፋል።

በብዛት የሚሠራባቸው ጌሞች ሁለት ናቸው። ኢል-2 ስቱርሞቪክ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሲሆን፣ በ2006 የወጣው 1946 የተባለው ስብስብ በደካማ ኮምፒውተርም ያለ ኢንተርኔትም ስለሚሠራ ለእኛ ከተማ ተስማሚ ነው። ዋር ተንደር በነፃ ይገኛል፤ ግን ብዙ ዳታ ይበላል፣ ያለ ጥሩ መስመርም አይጫወቱትም።

ደሴና የሰማይ ጦርነት

ደሴ ስለ አየር ጦርነት ከሌላ ሰው መስማት አያስፈልጋትም። ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦሩን ለመምራት ወደ ደሴ ከመጡ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ጭምር ተመታ። የውጭ ጋዜጠኞች በከተማዋ ስለነበሩ ወሬው ወዲያው ዓለምን አዳረሰ። የአውሮፕላኖቹን ቁጥር በተመለከተ ዘገባዎቹ አይስማሙም። ንጉሠ ነገሥቱ በዕለቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ መተኮሳቸውን ግን የደሴ ሰው ሲያወራ ጥርጥር አያስገባበትም፤ ከመትረየሱ ኋላ ሆነው የሚታዩበትም ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታወቃል።

ያን ቀን ከመሬት የተኮሰው ሁሉ የገጠመው ችግር ዛሬ የጌም አብራሪውን የሚያስቸግረው ያው ነው። ዒላማው ባለበት ቦታ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሲደርስ ዒላማው እዚያ የለም።

ጣሊያን ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረው። በ1933 ዓ.ም. ማረፊያው በተራው የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ዒላማ ሆነ። በዚያ ዘመቻ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ላይ ከተገናኙት ተዋጊዎች መካከል የጣሊያኑ ፊያት ሲአር 42 እና የእንግሊዙ ሃሪኬን ይገኙበታል። ባለ ድርብ ክንፉ ፊያት 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ ሁለት ብቻ ነበረው፤ ሃሪኬኑ በክንፎቹ ውስጥ 7.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ ስምንት ይዟል። በኤርትራ ይበር የነበረው ጣሊያናዊው ማሪዮ ቪዚንቲኒ በዚያ ዝግተኛ ፊያት 16 አውሮፕላን እንደጣለ ይነገራል፤ 17 የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1941 ኤርትራ ውስጥ ተራራ ላይ ወድቆ ሞተ። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ለደቡብ አፍሪካ ብርጌድ እጇን ስትሰጥ በዚህ አካባቢ የአየሩ ውጊያ አበቃ። ሁለቱም አውሮፕላኖች ዋር ተንደር ውስጥ ስላሉ፣ የእኛ ልጆች እነዚህን መርጠው መለማመዳቸው ደስ ያሰኛል።

ከዚያ እስከ ኮምፒውተሩ መምጣት ያለው ዘመን ለዚህ ጉዳይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ቀድሞ መተኮስ

ተጫዋቾች ሊድ የሚሉት ከዒላማው ፊት ቀድሞ መተኮስን ነው። ኮምቦልቻ ዙሪያ ያደገ ልጅ ይህን ከጌም በፊት ያውቀዋል። ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ድንጋይ ሲሰድ ወፏ ላይ አያነጣጥርም፤ ልትደርስበት ወዳለችው ቦታ ይሰዳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ቁጥሩ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የሃሪኬን ጥይት 300 ሜትር ለመሄድ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር የሚበር ጠላት በዚያ ግማሽ ሰከንድ 55 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም የተዋጊ አውሮፕላን ርዝመት አምስት ወይም ስድስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ጠላት በጎን ሲያቋርጥ በዚህ ርቀት የሚተኩስ ሰው ባዶ ሰማይ ላይ መተኮስ አለበት፣ ይህን ደግሞ ዓይን አያምነውም። ርቀቱ ወደ 100 ሜትር ሲጠብ ግን ልዩነቱ 15 ሜትር አካባቢ ብቻ ይሆናል። የዚህ ሙያ ዋናው ምሥጢር ይኸው ነው፤ መቅረብ ስሌቱን ራሱን ያሳንሰዋል። ከጠላት ጅራት ኋላ በቀጥታ ሲሆኑማ ሊድ ከናካቴው ይጠፋል ማለት ይቻላል። 352 አውሮፕላን እንደጣለ የተመዘገበለት ጀርመናዊው ተዋጊ አብራሪ ኤሪክ ሃርትማን መስታወቱ በጠላት አውሮፕላን እስኪሞላ ሳይተኩስ ይጠጋ ነበር።

በክንፍ ላይ የተተከሉ መሣሪያዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። ከግራና ከቀኝ የሚወጣው ጥይት አንድ ነጥብ ላይ እንዲገናኝ ይስተካከላል፣ ኮንቨርጀንስ የሚሉት ይህንን ነው። ከነጥቡ ወዲህም ወዲያም ጥይቱ ይበተናል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ 365 ሜትር ገደማ ላይ አድርገውት ነበር፤ በኋላ ብዙ አብራሪዎች ወደ 230 ሜትር አወረዱት፤ ከነሱ አንዱ ደቡብ አፍሪካዊው ሴይለር ማላን ነው። በጌሙ ርቀቱን ተጫዋቹ ራሱ ይመርጣል። 300 ይሻላል የሚሉ አሉ፣ 150 የሚሉም አሉ፤ ምርጫው ምናልባት በእያንዳንዱ አበራረር ይወሰናል። የፊያቱ መትረየሶች አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን ስለተተከሉ ይህ ጣጣ አይነካቸውም፤ ጀማሪ በፊያት ቢጀምር ጥሩ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

የሃሪኬን ጥይት ሳይቋረጥ ቢተኮስ በ15 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ማላን ለአብራሪዎች የሰጠው ምክር ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ብቻ እንዲተኩሱ ነበር። በእኛ ዘንድ ቃታውን ይዞ የሚቀር ልጅ በጓደኞቹ ይገሠጻል፣ ተገቢም ነው።

ብዙዎች ጥፋቱን በዓይናቸው ላይ ያደርጉታል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እግር ላይ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ኳስ ከመሀል ከወጣች አውሮፕላኑ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው፣ ማነጣጠሪያው ትክክል ቢሆንም ጥይቱ ይስታል። የአውሮፕላኑን ጅራት መሪ በእግር የሚያዞር ፔዳል የሌለው ተጫዋች በኪቦርድ ወይም በጆይስቲኩ ጠመዝማዛ ኳሷን መሀል መመለስ፣ ከዚያ መተኮስ አለበት።

አለማመዱ

በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ የሚበር ቦምብ ጣይ ይመረጣል፤ ጥይት የማያልቅበት አማራጭ ይጠፋል። ኢል-2 1946 ላይ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ አርኬድ የሚለውን ከ0 ወደ 1 መቀየር ጥይቱ የመታበትን ቦታ በቀስት ያሳያል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ከዚህ የሚበልጥ አስተማሪ የለም። ዋር ተንደር አርኬድ በተባለው ቀለል ባለ ጨዋታው የት እንደሚተኮስ ነጥብ አድርጎ ያሳያል። ይህን ነጥብ እያየ የለመደ ልጅ ነጥቡ ወደሌለበት ጨዋታ ሲገባ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ስለዚህ በጊዜ መተው ያስፈልጋል። በማውስ ይሻላል ወይስ በጆይስቲክ የሚለው ክርክር አላለቀም።

ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ጌሙ የቀዳውን የውጊያውን ቅጂ በዝግታ መልሶ ማየት ግድ ነው። የተጫዋቹ ትዝታ ሁልጊዜ ከእውነቱ ይልቅ ጠላትን አቅርቦ ያስቀምጣል፤ 150 ሜትር ላይ ተኮስኩ ያለው በቅጂው 400 ሆኖ ይገኛል። መብራት በድንገት ስለሚጠፋም ቅጂውን ውጊያው እንዳለቀ ወዲያው ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል።

ርቀት መገመትን ከኮምፒውተር ውጭም መለማመድ ይቻላል። ሁለቱን ከተሞች የሚያገለግለው አውሮፕላን ማረፊያ ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ የአገር ውስጥ በረራው ዳሽ 8 ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሜትር ነው። እጅን ዘርግቶ አውራ ጣት ክንፉን በሙሉ ሲሸፍነው አውሮፕላኑ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ክንፉ 12 ሜትር የሆነው ሃሪኬን በዚያው ጣት የሚሸፈነው 400 ሜትር ላይ ነው፤ በጣት የሚሸፈን ተዋጊ ገና አይተኮስበትም።