«እየዞረ እኮ ነው»፦ ስለ ትናንሽ የነፋስ ተርባይኖች ጥገና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግቢው ውስጥ ትንሽ የነፋስ ተርባይን የተከለ ሰው «መቼ ተፈተሸ?» ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «እየዞረ እኮ ነው!» ምሰሶ የሚጥለው ይህ አባባል ነው። መዞሩ የሚነግረን ነፋስ መኖሩን ብቻ ነው። ብሎኑ የላላ፣ ኩሽኔታው የተበላ፣ ምሰሶውን ወጥሮ የያዘው የሽቦ ገመድ ክሩ የተበጠሰ ተርባይንም ይዞራል፤ እስከሚወድቅባት ቀን ድረስ።

እስቲ እናስላው። በዓመት 6,000 ሰዓት የሚዞር ተርባይን መኪና ቢሆንና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ በዓመቱ መጨረሻ 300,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ ኮፈኑ አንዴም ያልተከፈተ መኪና ላይ ቤተሰቡን የሚያሳፍር ሰው የለም።

የመጀመሪያው ፍተሻ በተተከለ በወሩ ነው፤ አዲስ የሽቦ ገመድ ይለጠጣል፣ መሠረቱ ይረጋል፣ ብሎን ይላላል። ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ የግድ ነፋስ የሚበረታበት ወቅት ሳይገባ። ከከባድ አውሎ ነፋስ በኋላ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ምሰሶው ተጋድሞ የሚወርድ ከሆነ በዓመት አንዴ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ክንፎቹን አቁማችሁ አውርዱት። የክንፍ ብሎኖችን አምራቹ በሰጠው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጥብቁና ከዳዶው እስከ ብረቱ በቀለም ቀጭን መስመር አስምሩ። በሚቀጥለው ፍተሻ መስመሩ ተቆርጦ ከተገኘ ዳዶው ዞሯል። በብሎኑ ዙሪያ ቡናማ ዱቄት ካያችሁ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው፤ ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም፣ አውጥታችሁ ቀዳዳውን እዩ፣ ብሎኑንም ለውጡ። ነፋሱን የሚሰነጥቀውን የክንፍ ጠርዝ በጥፍራችሁ ዳብሱ። ከተበላ መከላከያ ቴፕ ይለጠፍበት፤ ግን በሁሉም ክንፍ ላይ እኩል፣ አለዚያ ሚዛኑ ተዛብቶ ምሰሶውን ያንቀጠቅጠዋል።

«ሽቦው በጠበቀ ቁጥር ይሻላል።» አይሻልም። ከልክ ያለፈ ውጥረት ምሰሶውን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ያጎብጠዋል። በቱንቢ እያያችሁ በየወገኑ እኩል ወጥሩ፤ መወጠሪያው በንዝረት እንዳይፈታም በሽቦ እሰሩት።

«ኩሽኔታው ድፍን ነው፣ ጥገና የለውም።» ግራሶ አይጨመርለትም እንጂ ያረጃል፤ በእጅ ሲዞር ከጎረበጠ ይለወጣል።

«ለማቆም ከባትሪው መንቀል ይበቃል» የሚለው ግን ከሁሉም ይከፋል። ተርባይኑን የሚይዘው ጭነቱ ነው፤ ማለትም ኃይሉን የሚወስድለት ባትሪ። ጭነቱ ሲነሳ ክንፎቹ ያለ ልክ ይፈጥናሉ፣ ቮልቴጁ ይንራል፣ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ይቃጠላል። ነፋሱ ሲደክም መጀመሪያ ሦስቱን የዲናሞ ሽቦዎች እርስ በርስ የሚያገናኘውን ማቆሚያ ዝጉ፣ ማለትም ሽቦዎቹ ይገናኙ፤ መቆሙን በዓይናችሁ እዩ፤ ባትሪውን የምትነቅሉት ከዚያ በኋላ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ነፋሱ ከበረታ በኋላ ማቆሚያው ላይይዝ ይችላል፣ የዲናሞው ጥቅልልም ይግላል። ማቆሚያውን በየወሩ በለስላሳ ነፋስ ሞክሩት። ክንፎቹ ወዲያው ካልተንቀረፈፉ ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።

«ባትሪው ሲሞላ ትርፉን ኃይል የሚወስደው ማሞቂያ አይበላሽም።» ይበላሻል፣ ሲበላሽም ድምፅ የለውም። ተርባይኑን አቁማችሁ፣ ማሞቂያውን ከመስመሩ ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት። በ28.8 ቮልት 1,000 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ 0.83 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ቴስተሩ መስመር የለም ካለ ውስጡ ተቃጥሏል፤ ሌላ እስኪተካለት ድረስ ማቆሚያው እንደተዘጋ ይቆይ።