የትራክተር ጎማ መሬት የሚይዘው በጥርሱ ብቻ አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጥርሱ በረዘመ ቁጥር የበለጠ ይይዛል»

ይህ የሚሠራው እርጥብ ዋልካ ላይ ነው። የተለመደው የእርሻ ጎማ ጎኑ ላይ «አር-1» የሚል ይገኝበታል። «አር-1ደብሊው» ጥርሱ ከእሱ በሩብ ገደማ ይረዝማል፤ ጃማና ወረኢሉ መረሬ ላይ በክረምት ለሚያርስ ይህኛው ይሻላል። «አር-2» እጥፍ ገደማ ጥርስ ያለው፣ ለሩዝና ለሸንኮራ ማሳ የተሠራ ነው። ቆቦ ሜዳ ደረቅ አፈር ላይ ቢያስገቡት ጥርሱ መሬት ሳይገባ ይጣመማል፤ ከወልድያ ቆቦ በአስፋልቱ ከተመላለሱበትማ ቶሎ ያልቃል። ከቁፋሮ ማሽን የወረደ «አር-4» በርካሽ ቢያገኙም ለማረሻ አይግዙት።

«ንፋሱ ጠንከር ካለ ጎማው አይጎዳም»

አስፋልት ላይ እውነትነት አለው። ማሳ ላይ ግን ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በመሐሉ ነው፤ የዳር ጥርሶቹ ሥራ ፈት ይሆናሉ። ሬዲያል ላልሆነ (የውስጥ ክሮቹ በሰያፍ ለተነባበሩ) የኋላ ጎማ ለእርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.4 ባር (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር በጭነቱ ልክ ከአምራቹ ሰንጠረዥ ይወሰዳል። ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ፣ ጎሚስታው ለአይሱዙ በለመደው ልክ እንዳይሞላውም አጠገቡ ይቁሙ። ከሚገባው በታች ካወረዱት ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ የካላማዳሪውን ቫልቭ ይቆርጠዋል። በፈሩ ውስጥ የሚሄደው ጎማ ትራክተሩ ስለሚያዘነብልበት 0.2 ወይም 0.3 ባር ይጨመርለት፤ መንገድ ሲወጡ እኩል ያድርጓቸው።

«ከተንሸራተተ ክብደት መጨመር ነው»

መጀመሪያ ይለኩ። የኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ ማረሻውን አንስተው፣ እዚያው ማሳ ላይ በ10 ዙር ስንት ሜትር እንደሄደ ይያዙ። ቀጥሎ ማረሻውን በሚያርሱበት ጥልቀት አስገብተው በዚያው ማርሽ ይድገሙት። መጀመሪያ 45 ሜትር ሄዶ ኋላ 39 ከሆነ የጠፋው 6 ሜትር ነው፤ ወደ 13 በመቶ። በኋላ ጎማ ብቻ ለሚነዳ ትራክተር ከ10 እስከ 15 በመቶ መንሸራተት ጤናማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ናፍጣና ጎማ ይባክናል። ከ8 በታች ከሆነ ግን ትራክተሩ ከብዶታል፤ ጫናው ዲፈረንሻሉ ላይ ያርፋል፣ አፈሩም ይጠቀጠቃል።

ሜትር ከሌለ ዱካውን ማየት ነው። የጥርሱ ቅርጽ ጥርት ብሎ ከታተመ ክብደቱ በዝቷል፤ ጨርሶ ከጠፋ አንሷል፤ ዳሩ ታይቶ መሐሉ ከተፋቀ ልክ ነው።

ክብደቱ በእርግጥ ካነሰ ጎማው ውስጥ ውሃ መሙላት ርካሽ ነው። ቫልቩን ወደ ላይ አዙረው ይሙሉት፤ ውሃው እስከ ቫልቩ ሲደርስ ጎማው ሦስት አራተኛ ሞልቷል፤ እዚያ ላይ ያቁሙ። ካለፈ ንፋሱ ቦታ ያጣና ጎማው ድንጋይ ይሆናል። የ18.4-30 ጎማ በዚህ ልክ ወደ 250 ሊትር ስለሚይዝ በአንድ ጎማ ሩብ ቶን መጨመር ማለት ነው።

«በየትኛውም አቅጣጫ ቢገጠም ያው ነው»

አይደለም። ከትራክተሩ ኋላ ቆመው ሲያዩት የጥርሶቹ መገናኛ ጫፍ ወደ ላይ ማመልከት አለበት። ከተገለበጠ ጭቃውን ወደ ዳር መግፋቱን ትቶ ወደ መሐል ይሰበስበዋል።

«የፊቱን ጎማ በተገኘው ቁጥር መቀየር ይቻላል»

በአራቱም ጎማ የሚነዳ ትራክተር የፊቱ ከኋላው ከ1 እስከ 5 በመቶ እንዲፈጥን ተሰልቶ የተሠራ ነው። ቁመቱ የተለየ ጎማ ሲገባ፣ ወይም ፊቱ አዲስ ሆኖ የኋላው ሙልጭ ሲል፣ ስሌቱ ይፈርሳል፤ የፊቱ ማርሽ ይጮኻል፣ ዘይቱ ይሞቃል፣ ቆይቶም የማርሹ ጥርስ ይሰበራል። መመሪያው ላይ የተጻፈውን የፊትና የኋላ ጥንድ ይግዙ፤ አስፋልት ላይ ደግሞ የፊቱን መንጃ ያጥፉት።