«ኮፒ አድርጎ መለጠፍም መድገም ነው» እና ሌሎች የካላንደር ሰሞን ስሕተቶች

የአዲስ ዓመት ካላንደር ትእዛዝ በሚደራረብበት ሰሞን ደሴ ፒያሳ ወዳሉ ማተሚያ ቤቶች በፍላሽ ከሚመጡት ፋይሎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት በሽታ አለባቸው። ካላንደሩ 13 ገጽ ነው፤ በ13ቱም ላይ ሎጎው፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የቀኖቹ ሠንጠረዥና የዳር ጌጡ ለየብቻ ተለጥፏል። ደንበኛው ማታ ይደውልና «ስልካችን ተቀይሯል» ይላል። ዲዛይነሩ 12ቱን ወር አስተካክሎ ጳጉሜን ይረሳል። ምነው እንዲህ ሠራኸው ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ያው ነው እኮ፣ ኮፒ አድርጎ መለጠፍም መድገም ነው።»

ያው አይደለም። ኮፒ የተደረገ ነገር ከዋናው ጋር ያለው ግንኙነት የተለጠፈ ዕለት ያበቃል። በእጃችሁ ያለው 13 ሎጎ ነው እንጂ 13 ቦታ የሚታይ አንድ ሎጎ አይደለም። 20 ሜጋ ባይት የሆነ የጀርባ ፎቶ በየገጹ ከለጠፋችሁ ፋይሉ ወደ 260 ሜጋ ሊያብጥ ይችላል፤ ከዚያ «ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ» ይባላል። በዓይን ግምት የተለጠፈ ርእስ ደግሞ ከገጽ ገጽ ግማሽ ሚሊ ይዘልላል፤ ስክሪን ላይ አይታይም፣ ካላንደሩ ሲገለጥ ግን ይታያል።

ኮረል ድሮው በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ለምትሠሩ መፍትሔው ማስተር ሌየር (አንዴ ተሠርቶ በሁሉም ገጽ የሚታይ ንብርብር) ነው፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ከቆየም ብዙ ዓመቱ ነው። ኦብጀክትስ የሚባለውን ዶከር (የጎን መስኮት) ክፈቱ፤ በቆዩት እትሞች ኦብጀክት ማኔጀር ይባላል። ከታች ካሉት ምልክቶች ለሁሉም ገጽ የሚሆን አዲስ ማስተር ሌየር የሚፈጥረውን ተጫኑ፤ ለጎዶሎና ለሙሉ ቁጥር ገጾች የየራሱ አለ። በየገጹ የማይለወጠውን ሁሉ፣ ማለትም ሎጎ፣ ስልክ፣ የቀናት ስም፣ ጌጥና የመቁረጫ ምልክት፣ እዚያ ላይ አኑሩ። እዚህ ጋ የሚያደናግረው የሌየሮቹ ቅደም ተከተል ነው። የጀርባ ቀለሙን የያዘው ማስተር ሌየር ከገጹ ሌየር በላይ ከተቀመጠ የወሩን ቁጥሮች ሸፍኖ «ጽሑፌ ጠፋ» ያሰኛል፤ ጎትቶ ወደ ታች ማውረድ ነው። ካላንደሩ ሽፋን ካለውና እዚያ ላይ ጌጡ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ ደግሞ አትሰርዙት፣ ከሰረዛችሁት ከሁሉም ገጽ ይሄዳል። የሌየሩን ፕሮፐርቲ ከፍታችሁ ለውጡ ለአሁኑ ገጽ ብቻ እንዲሆን ምልክት አድርጉና ደብቁት።

ሌላው የዲዛይን ፕሮግራም ኢሉስትሬተር ማስተር ፔጅ (ለሁሉም ገጽ የጋራ የሆነ ገጽ) የለውም። «አለው፣ በሁሉም አርትቦርድ ላይ የሚለጥፈው ትእዛዝ ነው» የሚሉ አሉ (አርትቦርድ የኢሉስትሬተር ገጽ ነው)፤ እሱ በአንዴ 13 ኮፒ ይለጥፋል እንጂ አያስተሳስርም። መንገዱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የሚደጋገመውን ወደ ሲምቦልስ ፓነል ጎትታችሁ ሲምቦል አድርጉት፣ ከዚያ ያንን ሲምቦል ኮፒ ሳይሆን ከት አድርጋችሁ በሁሉም አርትቦርድ ላይ ለጥፉ፤ ኮፒ ካደረጋችሁት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ይሆናል። አሁን የተለጠፉት ሁሉ የአንድ ሲምቦል ጥላዎች ስለሆኑ አንዱን ሁለቴ ተጭናችሁ ስልኩን ስትቀይሩ ሁሉም ይቀየራሉ። ልብ በሉ፣ ሌየሮቹ ለሁሉም አርትቦርድ የጋራ ናቸው፤ «የመስከረም ሌየር» የሚባል ነገር የሚኖረው ራሳችሁ ከሠራችሁት ብቻ ነው።

በነፃ በሚገኘው ኢንክስኬፕ ብዙ ገጽ መሥራት የተቻለው በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 1.2 እትም ጀምሮ ነው። እዚያ የሚሠራው ክሎን (ከዋናው ጋር የተሳሰረ ኮፒ) ነው፤ ዕቃውን መርጣችሁ አልት ዲ ትጫናላችሁ። ሰውን የሚያበሳጨው ዋናው ሲንቀሳቀስ ክሎኖቹም አብረው ሊንቀሳቀሱ መቻላቸው ነው። ይህ ብልሽት ሳይሆን በፕሪፈረንስ ውስጥ የሚመረጥ አሠራር ነው። ዋናውን ከሰረዛችሁት ደግሞ ክሎኖቹ ተፈትተው ተራ ኮፒ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ዋናውን ከገጹ ውጭ አስቀምጡትና አትንኩት።

«ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ የመስከረም ሠንጠረዥ ለሁሉም ይበቃል» የሚለውም አለ። ለዓምዶቹ ይበቃል፣ ለረድፎቹ አይበቃም። 30 ለ7 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ እያንዳንዱ ወር ከቀደመው በ2 ቀን ዘግይቶ ይጀምራል። የ2019 መስከረም 1 ዓርብ ነው፤ ጥቅምት እሑድ፣ ኅዳር ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ሐሙስ ይላል። ሠንጠረዣችሁ ከሰኞ የሚጀምር ከሆነ እሑድ የሚጀምር ወር 5 ረድፍ አይበቃውም፤ 6 ክፍት ሳጥን ሲደመር 30 ቀን 36 ነው። በ2019 ይህ በጥቅምትና በግንቦት ይደርሳል። ማስተሩን ከመጀመሪያው በ6 ረድፍ ሥሩት። ያለዚያ የጥቅምት 30 ቁጥር ከስፖንሰሩ ማስታወቂያ ላይ ይወጣል። የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን መሆኗንም አትርሱ፤ የዐምናውን ፋይል እያደሱ የሚያስረክቡ ሰዎች በ5 ያልፏታል።

ጋይድላይን (ዕቃ ለማሰለፍ ስክሪን ላይ የሚሳበው መስመር) አይታተምም፤ የመቁረጫ ምልክት ከፈለጋችሁ መስመር ሥሩ።

እንደ ኮረልና ኢሉስትሬተር ያለ ቬክተር ሶፍትዌር 80 ገጽ መጽሔትም ይሠራል? ይሠራል፣ ግን ለመጽሔት የተሠራው ኢንዲዛይን ወይም በነፃ የሚገኘው ስክሪበስ እያለ ምን አደከማችሁ።

ቢዝነስ ካርድ ላይ የሚሰማው ደግሞ «ኤ4 ላይ 12 ይገባል፣ ለምን 10 ታደርጋላችሁ» ነው። 90 በ50 ሚሊ የሆነውን ካርድ ካቆማችሁት 4 ወደ ጎን፣ 3 ወደ ታች፣ 200 በ270 ይሆናልና ልክ ነው፣ 12 ይገባል። ይህ የሚያዋጣው ግን ዳሩ ነጭ ለሆነ ካርድ ነው። ቀለሙ ወይም ፎቶው እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ብሊድ (ከመቁረጫው መስመር ውጭ የሚያልፍ ትርፍ ቀለም) ያስፈልጋል፤ ካርዱ 96 በ56 ይሆናል፣ ቢቆም 4ቱ 224 ሚሊ ስለሚሆኑ ከ210 ያልፋሉ። በጋደመ 2 ወደ ጎን፣ 5 ወደ ታች 192 በ280 ይይዛል፤ በጎን 9፣ ከላይና ከታች 8.5 ሚሊ ይተርፋል። 10 ነው፣ አለቀ። መቁረጫው 1 ሚሊ ሲስት የጎረቤቱ ካርድ ቀለም ጠርዝ ላይ የሚወጣባችሁ ለዚህ ክፍተት ስለሰሰታችሁ ነው።

ሲደጋገም ኦፍሴትና ስፔሲንግን አታምታቱ። በኮረል ስቴፕ ኤንድ ሪፒት (አንዱን ነገር በእኩል ርቀት የሚደግመው ትእዛዝ) ውስጥ ኦፍሴት ከአንዱ ካርድ ጠርዝ እስከ ቀጣዩ ካርድ ያው ጠርዝ ያለው ነው፣ ወደ ጎን 96 ትጽፋላችሁ፤ ስፔሲንግ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ብቻ ነው፣ ብሊዱን የያዘው ካርድ ራሱ 96 ስለሆነ 0 ትጽፋላችሁ። 5 ረድፍ ስትፈልጉ የኮፒው ብዛት 4 ነው፣ ዋናው ራሱ ይቆጠራልና። በኢሉስትሬተር ፕሪቪው ባውንድስ የሚባለው ምርጫ በርቶ ከሆነ የመስመሩ ውፍረት ከልኬቱ ጋር ስለሚደመር 90 ያላችሁት ካርድ በትክክል 90 አይሆንም፤ አጥፉት።

የእድር ደረሰኝ ላይ ቁጥሩን 1፣ 2፣ 3 ብሎ በአንድ ኤ4 ከላይ ወደ ታች መደርደርም የተለመደ ነው። እያንዳንዱ 99 ሚሊ ቁመት አለው፣ 3 ይገባል፣ እስከዚህ ልክ ነው። ሲቆረጥ ግን አንዱ ክምር 1፣ 4፣ 7 እያለ ይሄዳል፤ ከዚያ ሰው ተቀምጦ በእጅ ይለቅማል። 1500 ደረሰኝ ከሆነ 500 ወረቀት ነው። ላይኛውን ከ1፣ መካከለኛውን ከ501፣ ታችኛውን ከ1001 አስጀምሩት። ተቆርጦ ሦስቱ ክምር በተራ ሲደራረብ ከ1 እስከ 1500 ይሰለፋል። በኮረል ፕሪንት መርጅ (ቁጥር ወይም ስም ከዝርዝር እየወሰደ በየቅጂው የሚሞላው) ሦስት የቁጥር መስክ ፈጥራችሁ መነሻቸውን መለየት ነው ሥራው።

ያው ፕሪንት መርጅ ለመታወቂያም ይሆናል። የ300 ሠራተኛ ዝርዝር ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲመጣ ስሙን አንድ በአንድ የሚተይቡ አሉ፤ አያስፈልግም። ዝርዝሩ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የጋራ ቋሚ ኮድ ባለው አጻጻፍ) መጻፉን ብቻ አረጋግጡ። ዩኒኮድ ባልሆኑት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ስም ፎንቱ ሲለወጥ የላቲን ፊደል ዝርክርክ ይሆናል። መስኩንም ኒያላ ወይም ሌላ የዩኒኮድ ግዕዝ ፎንት ስጡት።

መታወቂያ ጀርባ አለው፣ ጀርባው ደግሞ ይገለበጣል። ወረቀቱ በረጅሙ ጎን ሲገለበጥ በፊት በኩል ግራ ዓምድ ላይ ያለው ሰው ጀርባው ቀኝ ዓምድ ላይ መሆን አለበት፤ ዓምዶቹን አለዋውጡ፣ ረድፎቹን አትንኩ። የካርዶቹ ድርድር ከወረቀቱ መሐል ካልተቀመጠም ግራው 8 ቀኙ 10 ሲሆን ጀርባው 2 ሚሊ ይንሸራተታል። ፕሪንት ስታደርጉ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን ትታችሁ 100% ምረጡ፤ በ97% የወጣ የ90 ሚሊ ካርድ 87.3 ነው። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ብቻ አውጡ፣ በማስመሪያ ለኩት፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ የፊቱና የጀርባው መቁረጫ ምልክት መግጠሙን እዩ። ልኩ ትክክል ሆኖ ምልክቶቹ ከወረቀት ወረቀት የተለያየ ያህል ከተዛቡ ፋይሉን አትነካኩ፤ የፕሪንተሩን ወረቀት መያዣ ትሪ አጥብቁ።