ሲ.አር.ፒ ምንድን ነው? የልብ ምርመራስ ነው?

«አቦ፣ ልቤ አልቆልኛል!»

ይህን ያለኝ የላቦራቶሪያችን መስኮት ላይ የተደገፈ ጎረምሳ ነው። ክርኑ ላይ ነጭ ቅርፊት አለው፣ ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም። የውጤት ወረቀቱን አጨማዶ ይዟል። «ሲ.አር.ፒ 14» የሚለውን ራሱ በቀይ እስክርቢቶ ከቦታል። ስልኩ ላይ ያየው አንድ ተንታኝ «ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ሲ.አር.ፒው ከ3 ካለፈ የልብ ሕመም ጀምሮታል» ብሎታል። በዚህ ወር ይህን ስሰማ አራተኛዬ ነው። እንግዲህ ልጻፈው።

ሲ.አር.ፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ሰውነት ውስጥ የሆነ ቦታ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲነሳ ጉበት በብዛት ያመርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1930 የተገኘው የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ነው። ያኔ ልብን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ለድሬ ልጅ ደቻቱን፣ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን ወንዝ፣ ማስረዳት አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። አንድ ቀን ግን ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ቡናማ ውሃ እየተንደረደረ ይመጣል። ያኔ ላይ ደጋው ላይ እንደዘነበ ታውቃለህ። በየትኛው ጋራ? ውሃው አይናገርም። ሲ.አር.ፒም እንደዚያ ነው። የታመመ ጥርስ ይሆናል፣ ቺኩንጉኒያ (ትንኝ የሚያስተላልፈው ትኩሳት) ይሆናል፣ ውፍረት ይሆናል። ሶሪያሲስ ሲኖርህ ደግሞ የተቆጣው ቆዳህ ራሱ አንድ ጋራ ነው፤ እዚያ ክረምት ከበጋ ሊያካፋ ይችላል። ታዲያ ተንታኙ ጎርፉን አይቶ «ይሄ የልብ ጋራ ውሃ ነው» ያለው በምን ዓይኑ ነው?

ሙያዬ ዝም አያሰኘኝምና ሌላም ልጨምር። ያቺ «ከ1 በታች ስጋቱ ዝቅተኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ» የምትል የልብ መስፈርት የወጣችው ለከፍተኛ ጥራት ሲ.አር.ፒ (hs-CRP) ነው፤ ትንንሽ መጠኖችን ለይቶ የሚያነብ ምርመራ ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራው ተራው ነው። አንዳንዱ ጋ እንዲያውም «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው የሚጻፈው። መለኪያውንም እዩ፦ ሚሊግራም በሊትር ነው ወይስ በዴሲሊትር? ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። ከ10 ሚሊግራም በሊትር በላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኢንፌክሽን ይፈለጋል፤ ሲሻል ይደገማል እንጂ የልብ ስጋት አይነበብበትም።

ተንታኙ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ሶሪያሲስ፣ በተለይ ከባዱ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች የኮሌስትሮል መመሪያ ሶሪያሲስን የመሰሉ ሕመሞችን ስጋት ከሚያባብሱት ውስጥ ቆጥሯቸዋል። 2 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከፍተኛ ጥራት ሲ.አር.ፒም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ለብቻው። ማለትም ሶሪያሲስህ የሚቆጠረው ሲ.አር.ፒህ ዝቅ ቢልም ነው። «ሲ.አር.ፒዬ ንጹሕ ነው» ብሎ ሲጋራውን የሚለኩሰው ሰው ከዚህኛው ጎረምሳ ይልቅ ያሳስበኛል።

ተንታኙ መጨረሻ ላይ «ሲ.አር.ፒን የሚያወርድ» ሻይ ይሸጣል። ውሃውን በጀሪካን ብትቀዳው ዝናቡ ይቆማል እንዴ? በተፈጥሯቸው፣ በዘር ውርስ ሲ.አር.ፒያቸው ከፍ ያለ ሰዎች ተጠንተው ነበር። በዚያ ብቻ የልብ ሕመም አልበዛባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ ሙከራ ግን ብግነቱን ራሱን የሚያበርድ መርፌ የልብ ሕመምን ቀንሷል፤ ዝናቡን ከጋራው እንደማቆም ነው። በመርፌው ለሞት የሚያበቃ ኢንፌክሽን መብዛቱንም ልንገራችሁ፤ እዚህ ጋ የደቻቱ ምሳሌዬ ያነክሳል።

ወደ ጎረምሳው ልመለስ። አንድ ጉንጩ አብጧል። ቀትር ላይ ስለነበር ጫት መስሎኝ ነበር። «አውጣውና አውራኝ» ስለው ጥርሱ ነው ለካ፣ መግል ቋጥሯል። አስነቅሎ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ሲ.አር.ፒው 4 ሆኗል።

«ልቤ ተረፈ በለኛ!»

ወረቀቱን አዙሬ ከታች ያለውን መስመር አሳየሁት። ኤል.ዲ.ኤል፣ መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል፣ 171፤ ከፍ ያለ ነው። ባለፈው ወረቀቱም ላይ እዚያው ነበር። በቀይ አልከበበውም።

«ይሄን ይዘህ ሐኪምህ ጋ ሂድ። ግፊትህንም ይለካህ» አልኩት።