ስንት ታክሲ ያስይዛል? በአዲስ አበባ ዳርቻ መኖሪያ ሰፈር አመራረጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ርቀት በኪሎ ሜትር አይነገርም። ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ፒያሳ ምን ያህል እንደሚርቀው ቢጠየቅ «ሦስት ታክሲ ያስይዛል» ይላል፤ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው ብሎ የሚመልስ የለም። ጠያቂውም ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ጠዋትን የሚበላው በአብዛኛው ወርደው እንደገና የሚሰለፉበት ቦታ ነውና። ስለዚህ በከተማዋ ዳርቻ ቤት የሚከራይ፣ የሚገዛ ወይም ዕጣ የወጣለት ሰው ከቤቱ ስፋትና ከኪራዩ እኩል፣ እንደ እኔ እንደ እኔ ከሁለቱም በፊት፣ ሊቆጥር የሚገባው ታክሲውን ነው።

ዳርቻ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአብዛኛው በከተማ አስተዳደሩ ወሰን ውስጥ ያለው፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የለጠጠው ነው፦ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ 11ኛው ክፍለ ከተማ የሆነው ምሥራቁ እዚያ ድረስ ስለሞላ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከወሰኑ ማዶ ያለው ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ ክልል ሥር ሸገር ከተማ በሚል ስም አንድ አስተዳደር ሆነዋል። ከእነሱም አልፎ ዱከም ወይም ሰንዳፋ እያደረ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከተማዋ ወደ ሰሜን መስፋት አልቻለችም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መንገዱን ዘግቷል። ስለዚህ ሜዳውን ተከትላ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሄደች። ሥራው ግን አልተከተላትም፤ መሥሪያ ቤቱም ባንኩም ገበያውም አሁንም ሜክሲኮ፣ ካዛንቺስ፣ ቦሌ፣ ፒያሳና መርካቶ ዙሪያ ነው። የመንግሥት ቢሮ ከጠዋቱ 2:30 ይከፈታል፣ ማታ 11:30 ይዘጋል። ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም በዚያው ሰዓት ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ በዚያው ሰዓት ደግሞ ይመለሳል።

አምስቱ በሮች

ዳርቻውን ከመሀል የሚያገናኙት በሮች ብዙ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸውም ማነቆ አላቸው። የምሥራቁ ማነቆ መገናኛ ነው። ከአያት በሲኤምሲ በኩል የሚመጣውም፣ ከለገጣፎ በካራና በኮተቤ የሚወርደውም መጨረሻቸው እዚያው ነው። ከአባዶ የሚነሳ ሰው በአያት ቢወጣ በካራ ቢወጣ መገናኛን አያመልጣትም። የቦሌ አራብሳ ነዋሪ በጎሮና በጃክሮስ አድርጎ ወደ ገርጂና ቦሌ መግባት ስለሚችል ትንሽ ይሻለዋል። ሥራው ቦሌ የሆነ ሰው አራብሳን ሩቅ ነው ብሎ ንቆ አያት ቢከራይ በካርታው ይቀርባል እንጂ በሰዓቱ ብዙም አያተርፍም። ከመገናኛ በላይ ያለው ጉዞ ደግሞ ሌላ ሰልፍ ነው። ሃያ ሁለት ወይም ካዛንቺስ የሚሠራ ሰው መገናኛ ሲደርስ ቀሪው አጭር ነው፤ መርካቶ የሚሠራው ግን ገና ግማሽ ላይ ነው።

የደቡቡ በር ቃሊቲ ነው። የከተማዋ የጭነት መንገድም እሱ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በአብዛኛው በዚያ ያልፋል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላንና ዱከም በዚህ መስመር ላይ ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚጀምረው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በውጭ በኩል ያለውን ጉዞ አቅልሎታል። ከክፍያ ጣቢያው ወደ ውስጥ ያለው ግን ያው አቃቂ፣ ቃሊቲና ሳሪስ ነው። ከቢሾፍቱ በፍጥነት መንገዱ የሚመጣ የቤት መኪና ቱሉ ዲምቱ እስኪደርስ የሚፈጅበትና ከዚያ ሳሪስ አቦ እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት ሲነጻጸር ሰው ይስቃል። የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ሁለተኛ መውጫ አለው፦ በጎሮ በኩል። ሰፈር ሲመረጥ አንድ መውጫ ብቻ ካለው ይልቅ ሁለት ያለው ይመረጣል፤ አንዱ መንገድ በጭነት መኪና ብልሽት የተዘጋ ዕለት ምክንያቱ ይገባል።

በደቡብ ምዕራብ ጀሞና ለቡ በመካኒሳና በሳር ቤት ወደ ሜክሲኮ ይገባሉ። አለም ገናና ሰበታ ደግሞ በአየር ጤና በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳሉ። ጀሞ ከዳር ሰፈሮች ሁሉ ለመሀል ቀረብ ያለው ነው። ኪራዩም ይህን ያውቃል። በስተ ምዕራብ ቡራዩ በአስኮ በኩል ለመርካቶ ሰው የተመቸ ነው፤ መርካቶ ሱቅ ያለው ሰው አያት የሚኖርበት ምክንያት ዕጣ ካልሆነ በቀር አይታየኝም። ሰሜኑ ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ብርዳማ። በአዲሱ ገበያ ይገባል። የጎጃም መንገድ ስለሆነ የአገር አቋራጭ መኪና ይበዛበታል፤ በክረምት ጭጋጉ ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ይሸፍነዋል።

መነሻ ወይስ መንገድ ላይ

ደላላ የማይናገረው አንድ ነገር አለ። ቤቱ የታክሲ መነሻ አጠገብ ነው ወይስ ከመነሻው ሁለት ፌርማታ ወዲህ? መነሻ ላይ ሰልፍ አለ፤ ግን ሰልፉ ይራመዳል፣ ተራ አስከባሪ አለ፣ ተራ የደረሰው ይቀመጣል። ከመነሻው ወዲህ ባለው ሰፈር የቆመ ሰው ፊት ግን ሞልተው የሚመጡ ሚኒባሶች እየተከታተሉ ያልፋሉ። ረዳቱ በመስኮት እጁን ያወዛውዛል፤ ሞልቷል ማለቱ ነው። በዚህ ምክንያት ጠዋት ወደ ኋላ፣ ማለትም ከከተማው ርቀው ወደ መነሻው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ ሁለት ጊዜ ከፍለው አንድ ወንበር ለመያዝ። ከመሀል ከተማ የሚርቀው ቤት አንዳንዴ የሚቀርበው ለዚህ ነው።

ሌላው መቆራረጥ ነው። የታክሲ ታሪፍ የሚወጣው በርቀት ቢሆንም ሰው በበዛበት ሰዓት አንዳንዱ ሾፌር በታፔላው ላይ የተጻፈውን ረጅም መስመር ለሁለት ቆርጦ ይሠራል። ተሳፋሪው መንገድ ላይ ወርዶ ሌላ ይይዛል። በካርታ አንድ ታክሲ የነበረው ማታ ሁለት የሚሆነው እንዲህ ነው። ስለዚህ የሰፈሩን ነዋሪ ሲጠይቁ «ማታ 12 ሰዓት ላይስ?» ማለት ጥሩ ነው።

ባቡር፣ አውቶቡስና ሰርቪስ

ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለት መስመር ነበረው፤ ዛሬም ሁለት ነው። አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ 17 ኪሎ ሜትር ከምናምን። ሌላው ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ፣ ወደ 17 ኪሎ ሜትር። ሁለቱ ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። በመኪና ጭንቅንቅ አለመያዙ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ብዙ ባቡሮች ከሥራ ውጪ ስለሆኑ የሚመጣው ታጭቆ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሐዲዱ የሚያልቅበት ቦታ ነው። አያት ላይ ያቆማል፤ አባዶና አራብሳ ከዚያ ወዲያ ናቸው። ቃሊቲ ላይ ያቆማል፤ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ከዚያ ወዲያ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ባቡሩን አልጠበቀውም፣ ባቡሩም ኮንዶሚኒየሙን አልተከተለም። ጀሞ ደግሞ ጭራሽ በካርታው ላይ የለም። እናም ባቡር ለዳር ነዋሪ ሁለተኛው ታክሲ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

የከተማ አውቶቡስ ከታክሲ ይረክሳል፣ ረጅም መስመርም አይቆርጥም። ለዳር ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። ጠዋት የመጀመሪያው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ከመነሻው እንደሚወጣ ማወቅ ከቤቱ ሣሎን ስፋት ይልቅ ይጠቅማል። የመንግሥት ሠራተኛ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስን በመታወቂያው በነፃ ይሳፈራል። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶችም ለሠራተኞቻቸው ሰርቪስ ያቆማሉ። ሰርቪስ ያለው ቤተሰብ ሒሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ለእሱ ሰፈር ማለት ሰርቪሱ የሚያልፍበት አስፋልት ነው፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ወዲህም ወዲያም። ባልና ሚስት አንዱ ሰርቪስ ኖሮት ሌላው ከሌለው ቤቱ መመረጥ ያለበት በሌለው በኩል ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚመረጠው በተቃራኒው ነው፣ ኪራዩን የሚከፍለው ሰው ሰርቪስ ያለው ስለሆነ ይሆናል።

ደላላው፣ ነሐሴና ጭቃው

ቤት የሚታየው እሑድ ነው። እሑድ ከሲኤምሲ መገናኛ ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ ደላላውም አልዋሸም። ከእሑድ የባሰ የሚያታልለው ነሐሴ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤቶች ዝግ ስለሆኑ መንገዱ ይቀላል። በዚያ ወቅት ቤት የተከራየ ሰው ትምህርት ሲከፈት የተለየ ከተማ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ክረምት ለአንድ ነገር ግን ጥሩ ፈታኝ ነው፦ ለጭቃ። ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው ወይስ አፈር የሚለው የሚታወቀው ሐምሌ ላይ ነው። ሁለቱንም ለማየት ሁለት ጊዜ መሄድ ነው፤ አንዴ ለጭቃው፣ አንዴ በጥቅምት ማክሰኞ ጠዋት 12:30 ላይ ለሰልፉ። በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን፣ በየካቲት ገደማ፣ መንገዶች ስለሚዘጋጉ በዚያ ሳምንት የታየው ደግሞ ለማንም መለኪያ አይሆንም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። ለተከራዩ ጥበቃ ነው፤ ቤቱን ሳያጣራ ለፈረመ ሰው ግን ሌላ ቤት እስኪያገኝ መገናኛ ላይ መሰለፍ ነው።

ዕጣ የወጣለት ሰው የሚመርጠው ሰፈር የለም፤ ሰፈሩን ዕጣው መርጦለታል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ኮዬ ፈጬን ጨምሮ በተለያዩ ሳይቶች የተገነቡ ከ51,000 በላይ የ20/80 እና የ40/60 የቁጠባ ፕሮግራም ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ብዙ ባለ ዕድል መጀመሪያ ያደረገው ሳይቱ ከሥራው ምን ያህል እንደሚርቅ መጠየቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፦ የራሱን ቤት ዳር ላይ አከራይቶ መሀል ከተማ ጠባብ ክፍል የሚከራይ ባለቤት በየኮንዶሚኒየሙ አለ።

ከወሰን ማዶ

በሸገር ከተማ በኩል ያሉት ሰፈሮች በተመሳሳይ ኪራይ ሰፋ ያለ ግቢ ይሰጣሉ። የመታወቂያውና የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ግን አብሮ ይቆጠራል። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ወረዳ የሚያስኬድ ጉዳይ ሁሉ የሚያልቀው በሸገር ነው እንጂ በአዲስ አበባ አይደለም። ልጆቹን አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ትቶ ቤቱን ብቻ የሚያዛውር ሰው ጠዋት የሚያጓጉዘው ራሱን ብቻ አይሆንም።

ሁሉም ወደ ውስጥ አይሄድም። ቂሊንጦና ቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የዱከም ፋብሪካዎች ሁሉም ዳር ላይ ናቸው። ሳሪስ እየኖረ ዱከም የሚሠራ ሰው ጠዋት በጎርፉ ተቃራኒ ስለሚጓዝ ታክሲው ይለምነዋል። ለእሱ «ዳር» የሚባለው ሰፈር መሀል ነው፤ የኪራዩ ርካሽነትም ትርፍ ነው።

የመጨረሻው ቁጥር ከአስፋልት እስከ በር ያለው ነው። ቀን ባጃጅ ሞልቷል። ማታ 3 ሰዓት ካለፈ ግን ባጃጁ ይቀንሳል፣ ቀሪውም ኮንትራት ካልሆነ አይሄድም። በእንጦጦ ግርጌና በሱሉልታ በኩል ደግሞ በዚያ ሰዓት ጅብ መንገድ ላይ ማየት ለነዋሪው ወሬ እንኳ አይሆንም። ስለዚህ አምሽቶ የሚሠራ ሰው ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ በእግር የሚደርስበትን ጠባብ ቤት፣ ሃያ ደቂቃ ገባ ካለው ሰፊ ግቢ ቢያስበልጥ አይፈረድበትም።